ለጀማሪ ሠራተኛ የሚችለውን የሚመሰክር ወረቀት ይሰጠው

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ
ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ ሥራና ሥልጠና መምሪያዎች
በኮምቦልቻና በአካባቢዋ ሠራተኛ ለምትቀጥሩ ድርጅቶች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች የሥራ ዝግጁነት ማረጋገጫ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምርት መስመር ኃላፊ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚላከው ወደ እኔ ነው። ማሽኑን የማሳየው፣ መቀስና ሜትር የማስረክበው፣ የምሳ ሰዓቱንና የመውጫውን በር የምነግረው እኔ ነኝ። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅም "ይቀጥል" ወይም "ይሰናበት" ብዬ አስተያየት የምጽፈው እኔው ነኝ። የምጽፍላችሁ በየቀኑ ስለማየው ነገር ነው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ሥራ ይዞ የማያውቅ ወጣት፣ ሥራ ቦታ ገብቶ መሥራት እንደሚችል የሚመሰክርለት አጭር ማረጋገጫ ይኑረው። ክፍያ አይጠየቅበት። ኮምቦልቻ የተሰጠው ወልድያም፣ ደብረ ብርሃንም፣ አዲስ አበባም ይታወቅ። ምዘናው ደግሞ ሥራው ላይ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው ፊት ይካሄድ።

ደሴ ፒያሳ ላይ የተለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች ቆም ብላችሁ አንብቧቸው። "የሥራ ልምድ 2 ዓመት" ይላሉ። ለአስተናጋጅ 2 ዓመት። ለጽዳት 2 ዓመት። ለመጋዘን ሠራተኛ 2 ዓመት። "0 ዓመት" የሚል አንድ ማስታወቂያ ከወጣ ደግሞ ሰልፉ ሌላ ነው። ቀጣሪው ከዚያ ሁሉ ሰው ማን እንደሚሻል በምን ይወቅ? ሁሉም የያዘው አንድ ዓይነት ፋይል ነው። ጉርድ ፎቶ፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ፣ ከኢንተርኔት ቤት የተጻፈች አንድ ገጽ ሲቪ። ሲቪዋም ቢሆን የሁሉም አንድ ናት፤ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ስሙን ብቻ እየቀየሩ ነው የሚያትሟት። ስለዚህ ቀጣሪው የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል። ሰው ያለው ይገባል። ሰው የሌለው ኮፒ ሲያስደርግ ይከርማል።

እዚህ ላይ ቀጣሪውን ብቻ አልወቅስም። ልምድ የሚጠይቀው ልምዱን ስለፈለገው ብቻ አይመስለኝም። "ይህ ሰው ነገ ጠዋት ይመጣል? ማሽን ላይ እጁን አያስገባም? ነገር ሲበላሽ ይነግረኛል?" ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ ስለሌለው ነው። ሁለት ዓመት የሆነ ቦታ ከቆየ ቢያንስ ይህን ያውቃል ብሎ ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ግን ሌላ ምን አለው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይህን ጥያቄ አይመልስም። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተቀሩትን ልጆች አስቡ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው በእጃቸው የቀረው "አላለፈም" የሚል ወረቀት ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን እኔ በመስመሩ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ቀልጣፋ ናቸው። ነገር ቶሎ ይገባቸዋል። የሚችሉትን የጻፈላቸው ሰው ግን የለም።

"ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናው፣ አለ አይደል?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ፤ ጥሩ ነገርም ነው። በሙያ ለሠለጠነ ሰው ነው ግን። በወይዘሮ ስኂን ወይም በኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ስፌት የተማረ ልጅ ሙያው ይመዘንለታል፤ ከደረጃ 1 እስከ 5 ባለው መሰላል ላይም ይቀመጣል። ኮሌጅ ያልገባው ልጅ መሰላሉ ጋ አይደርስም። የሚገርመው፣ እኔ የምጠይቀው ነገር አብዛኛው በእናንተው የሙያ ደረጃ ሰነዶች ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። የደረጃ 1 ሰነዶችን ግለጧቸው። የሥራ ቦታ መልእክት ተቀብሎ መመለስ፣ ከሌሎች ጋር መሥራት፣ የሥራ እሴትን ማሳየት የሚሉ ክፍሎች አሉ። የሥራ ቦታ የሚደራጅባቸው ሦስቱ የካይዘን "ማ"ዎችም፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት፣ አሉበት። ለሁሉም ሙያ የጋራ ናቸው። እነዚህን ክፍሎች ከሙያው ለይታችሁ ራሳቸውን የቻሉ ማረጋገጫ ብታደርጓቸው ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

የስፌት መርፌ ይሰበራል። ብርቅ አይደለም። ልብስ ወደ ውጭ በሚልክ ፋብሪካ ውስጥ ግን መርፌ ሲሰበር ደንብ አለው። ሠራተኛዋ ማሽኑን ታጠፋለች። እጇን አንስታ ትጠራኛለች። ስብርባሪው አንድ ሳይቀር ይፈለጋል፤ ጨርቁ ውስጥ፣ ማሽኑ ሥር፣ ወለሉ ላይ፤ ካልሆነም በማግኔት። የተገኘው ቁራጭ ሁሉ መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ቀኑ፣ ሰዓቱና የማሽኑ ቁጥር ይጻፋል። ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ ሙሉ መርፌ መሆኑ ሳይረጋገጥ አዲስ መርፌ አይሰጣትም። አንዲት ቁራጭ ከጠፋች አካባቢው ላይ ያለው ልብስ በሙሉ ተነስቶ በብረት መፈተሻ ማሽን ያልፋል። ያቺ ቁራጭ የሆነ አገር ያለ ሕፃን አንገት ላይ ልትገኝ ትችላለችና።

አሁን ከወረባቦ ወይም ከተንታ የመጣች የ19 ዓመት ልጅ አስቡ። ሦስተኛ ቀኗ ነው። መርፌው ቀጭ አለ። የፋብሪካ ዕቃ ሰበርኩ ብላ ትደነግጣለች። ከደመወዜ ይቆርጡብኛል ብላ ትፈራለች። ቁራጩን በብጣሽ ወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ትከታለች። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ክፋትም የለባትም። ስፌቱ ራሱ ከአጠገቧ ካለችው ልጅ ሊሻል ይችላል። ነገር ሲበላሽ ወዲያው መናገር የሥራው አንድ ክፍል መሆኑን ማንም አልነገራትም። እቤት ዕቃ ሲሰበር ይደበቃል። ትምህርት ቤትም ያጠፋ ይገረፋል። የት ትማረው?

በዚህ ምክንያት የሚሰናበቱ ልጆች አሉ። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በሁለት ቀን ልምምድ የሚስተካከል ነገር ሰው ከሥራ ያባርራል።

ሌላው መለካት ነው። የልብሱ መመሪያ "ደረት 52 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይፈቀዳል" ይላል። ልጁ ለካ። 50 ተኩል ሆነ። ያልፋል ወይስ አያልፍም? ሒሳቡ የሦስተኛ ክፍል ነው። ግን ሜትሩን ከብረቱ ጫፍ መጀመር፣ ጨርቁን ሳይወጥሩ ማንጠፍ፣ በኢንቹ በኩል ሳይሆን በሳንቲ ሜትሩ በኩል ማንበብ፣ ከዚያም "አያልፍም" ብሎ ለመናገር መድፈር በክፍል ውስጥ የተማረው አይደለም። ይህን የሚችል ጀማሪ ባገኝ ዲግሪውን አልጠይቀውም።

ስለዚህ ማረጋገጫው ይህን ዓይነቱን ነገር ይመስክር። በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚሠራ ነገር። ሰዓት አክብሮ መግባት። የተነገረውን ሰምቶ መፈጸም፤ ካልገባው ደግሞ መልሶ መጠየቅ። መለካት፣ መቁጠር፣ የቆጠረውን መጻፍ። የአደጋ መከላከያውን ማድረግ፤ ማሽን ሳያጠፋ ውስጡ እጅ አለማስገባት። የተበላሸውን መናገር። የሠራበትን ቦታ አጽድቶ መተው። ይህ ለስፌት ብቻ አይደለም። ለሆቴል፣ ለዳቦ ቤት፣ ለቢራ ፋብሪካ፣ ለብረታ ብረት፣ ለግንባታ፣ ለሱፐርማርኬትም ያገለግላል።

"በጎ አመለካከት"፣ "ተነሳሽነት"፣ "መልካም ሥነ ምግባር" የሚሉ ሳጥኖችን ግን አታስገቡበት። አደራ! እነዚህን ማን ይለካቸዋል? ኃላፊው የወደደውን "በጣም ጥሩ" ይለዋል፤ መብቱን የጠየቀውን "ዝቅተኛ"። ፋብሪካ ውስጥ የሚገቡት አብዛኞቹ ጀማሪዎች ሴቶች ናቸው። የአንድ ኃላፊ ፊርማ የአንዲትን ልጅ ቀጣይ ሥራ የሚወስን ከሆነ ያ ፊርማ ምን ምን ሊጠየቅበት እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆን የለበትም። ሁለት ፈራሚ ይኑር፤ አንዱ ከመስመሩ ውጭ፣ ከኮሌጅ ወይም ከመምሪያው የሚመጣ መዛኝ ይሁን። ቅሬታ ያላት ልጅም በኃላፊዋ በኩል ሳታልፍ በቀጥታ መዛኙ ጋ የምትደርስበት መንገድ ይኑራት።

የሰዓቱንም ነገር በፍትሕ እዩት። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ሰርቪሱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። ኪራይ የተወደደባት ልጅ ከከተማ ዳር ነው የምትኖረው፤ በጨለማ ባጃጅ ፍለጋ ትቆማለች። መዛኙ "አረፈደች" ብሎ ከመጻፉ በፊት ለምን እንዳረፈደች ይጠይቅ። መዘግየቷን አስቀድማ በስልክ ካሳወቀች ያ ራሱ የዝግጁነት ምልክት ነው፤ ነጥብ ይያዝላት።

ምዘናው መቼና የት ይሁን ለሚለው ሕጉ ራሱ መንገድ ከፍቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው አዋጅ 45 ቀን ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ይሰናበታል። እሺ፣ ይሁን። ግን አንድ ልጅ እኔ ዘንድ 50 ቀን ሠርቶ ስፌት አልሆነለትም እንበል። በእነዚያ ቀናት ግን አንድም ቀን አልቀረም። ቆጠራው ልክ ነበር። ማሽን ሲበላሽ የሚጠራኝ እሱ ነበር። ወደ በሩ ሲወጣ ይህ ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ቀጣዩ ቀጣሪ ዘንድ እንደገና "0 ዓመት" ነው። እንዲያውም ከ0 ያነሰ ነው፤ "ለምን ተባረርክ?" የሚል ጥያቄ ተጨምሮበታልና።

ይኸው አዋጅ ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም ውሉ ሲቋረጥ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ለሙያ ለማጆችም ልምምዱ ሲያበቃ ተመሳሳይ ወረቀት እንዲሰጥ ይላል። ስንቱ ሠራተኛ ይህን መብቱን ያውቃል? ከማገኛቸው ውስጥ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ከዚህ ወረቀት ጋር የምትያያዝ አንዲት ገጽ ማዘጋጀት ነው። በሙከራ ጊዜው ውስጥ ጀማሪው ይመዘን። ቢቀጥልም ባይቀጥልም፣ የቻለው ነገር ተጽፎለት ይውጣ። ያልቻለው አይጻፍ። የሚቀረውን በሌላ ቦታ ያሟላል።

ይህን ወረቀት ማጣት ምን ያህል እንደሚጎዳ በ2014 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የስንቱ ቤተሰብ ተስፋ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ወጣች፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉት ትዕዛዛቸው ቀረ። ከሥራ ከወጡት ውስጥ ሲንግል ኒድሉንም፣ ኦቨርሎኩንም፣ ፍላትሎኩንም፣ ሁሉንም የስፌት ማሽን አሳምረው የሚይዙ ልጆች ነበሩ። አንገት የምትገጥም፣ ኪስ የምትመታ፣ ለአዲስ ገቢ የምታስተምር ልጅ ሌላ ከተማ ሄዳ "ጀማሪ" ተብላ በጀማሪ ደመወዝ ተቀጠረች። ችሎታዋን የሚያውቀው የድሮ ኃላፊዋ ብቻ ነበር። ኃላፊውም ተበትኗል። ብዙ ቤተሰብም በሽሽቱ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ አጥቷል።

ስለዚህ ማረጋገጫው በወረቀት ብቻ አይቅር። በመምሪያው መዝገብ ይያዝ፣ ከፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ጋር ይያያዝ። ወረቀቱ ቢቃጠል፣ ቢቀደድ፣ ጎርፍ ቢወስደው ልጁ ቁጥሩን ይዞ መጥቶ ያወጣዋል። ፎርጅድም እንደ ልብ አይሠራበትም። ዛሬ ቀጣሪ ማስረጃ የማያምነው ሐሰተኛው ስለበዛ ነው፤ በዚህ የሚጎዳው ደግሞ እውነተኛውን የያዘው ልጅ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ያንገበግበኛል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ልጅ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ደንግጓል። ጅዳ ላለ ቤት ምንጣፍ ለማጽዳት ሠልጥና፣ ተመዝና፣ ወረቀት ይዛ ትሄዳለች። መሆንም አለበት። ያቺው ልጅ ኮምቦልቻ ልሥራ ብትል ግን የሚመዝናት የለም። ከሐብሩ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከኩታበር ስንቶቹ በአፋር በረሃ አቋርጠው ጅቡቲ ጫፍ ላይ ባሕር እንደሚሻገሩ ወሎ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። ወረቀት ብቻውን ማንንም ከመንገድ አይመልስም። ደመወዙም፣ ኪራዩም አለ። ቢያንስ ግን "እዚህ የሚያውቀኝ የለም" የሚለውን ምክንያት እናንሳላቸው።

ሌሎች የሞከሩትንም ማየት ይጠቅማል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀምር ከየወረዳው ለሚመጡ ወጣቶች የእጅ ቅልጥፍና ፈተና እየተሰጠ በውጤታቸው ይለዩ ነበር። መነሻው ደህና ነው። ጣት መቅልጠፉ ብቻ ግን ሰው ሥራ ላይ አያቆይም፤ እዚያም ቢሆን ሠራተኛ በብዛት እየለቀቀ ፋብሪካዎቹን ሲያስቸግር ኖሯል። በአሜሪካ ኤሲቲ የተባለው የምዘና ድርጅት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ብሔራዊ የሥራ ዝግጁነት ምስክር ወረቀት አለ። የሚፈትነው ሦስት ነገር ነው። ሥራ ላይ የሚያጋጥም ሒሳብ፣ ሠንጠረዥና ሥዕላዊ መረጃ ማንበብ፣ የሥራ ቦታ ጽሑፍ መረዳት። ውጤቱም ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ተብሎ በአራት ይከፈላል። ከዚህ የምወደው ጥያቄዎቹ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከሥራ የተወሰዱ መሆናቸውን ነው። ለእኛ ግን አይበቃም። መርፌ ሰብራ የምትደብቀውን ልጅ በወረቀት ብትፈትኗት "ለኃላፊዬ እነግራለሁ" የሚለውን መልስ ታከብባለች። ሩዋንዳ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አካዚ ካኖዜ የተባለው ፕሮግራም ይበልጥ ይቀርበናል። የክፍል ሥልጠናን ከሥራ ቦታ ልምምድ ጋር አያይዞ የሚሰጥ ነው፤ በኋላም በአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገብቷል።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ደሴ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ተከትሎት የመጣው ፕሮጀክትም ወጣቶች አበል እየተከፈላቸው ድርጅት ውስጥ ሥራ የሚለማመዱበት ክፍል አለው። የኮሌጆቻችን የትብብር ሥልጠናም አለ። መልካም ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ ግን። ተለማማጁ ይመጣል። ማንም ሥራ አይሰጠውም፤ ማሽን እንዳያበላሽ ተብሎ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወይ ሻይ ይላካል። በመጨረሻው ቀን ደብተሩን ያመጣል፤ የሁሉም ሳምንት ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቁጭታ ይፈረምለታል። ልጁ ወራቱን አባከነ። ደብተሩም ማንንም አያሳምንም። እኔ የምለው ገጽ እዚህም ውስጥ ቢገባ ፈራሚው ሥራ ለመስጠት ይገደዳል። ልጁ ሜትር ሳይዝ "መለካት ይችላል" ብሎ መፈረም አይቻልማ።

ስጋትም አለኝ፤ ሳልናገረው አላልፍም። ይህ ማረጋገጫ ሌላ አጥር እንዳይሆን እፈራለሁ። ነገ ማስታወቂያው ላይ "2 ዓመት ልምድ፣ እና የሥራ ዝግጁነት ማረጋገጫ" የሚል ከተጻፈ ልጆቹን ገደል ሰደድናቸው ማለት ነው። ደላላ ይገባበታል። "በአንድ ሳምንት እናስጨርሳለን" የሚል ማሠልጠኛ በየሰፈሩ ይከፈታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በመመሪያ ይጻፍ። ማረጋገጫውን የያዘ ጀማሪ ለመግቢያ ሥራ የ2 ዓመት ልምድ አይጠየቅ። ማረጋገጫው የሌለውም ሥራ አይከልከል፤ ተቀጥሮ በሙከራ ጊዜው ያግኘው። ክፍያ የሚባል ነገር ከልጁ አይጠየቅ። ወድቋል የሚል መዝገብም አይኑር።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ከከሚሴና ከባቲ በኩል የሚመጡ ልጆች ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው። በገዛ ቋንቋቸው ቢመዘኑ መመሪያ መረዳታቸውን በትክክል እናያለን። በአንጻሩ ከውጭ የመጡ ተቆጣጣሪዎች ባሉባቸው ፋብሪካዎች "ስቶፕ" እና "ዴንጀር" የሚሉትን ያህል ጥቂት ቃላት አስቀድሞ ማስተማር ጣት ያተርፋል።

ቀጣሪዎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ይህ ሥራ ይጨምርብናል እንዳትሉ። ጀማሪ አስገብታችሁ፣ ሁለት ወር አሠልጥናችሁ፣ ሲለቅ ሌላ ጀማሪ ታስገባላችሁ። በዚያ መካከል የሚበላሸውን ጨርቅ፣ የሚቆመውን መስመር፣ የሚመለሰውን ትዕዛዝ አስሉት። መስመር ላይ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን፤ ሪፖርቱን በየማታው የምንጽፈው እኛ ነን። ስልክ ደውሎ "ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?" ከማለት የታመነ ገጽ ማየት ይቀላል። ግን የታመነ እንዲሆን እናንተም ሳታዳሉ ልትፈርሙበት ይገባል። የሌላው ፋብሪካ የፈረመውን ልታከብሩ፣ የእናንተንም ሌላው እንዲያከብር አድርጋችሁ ልትሞሉ።

ለመምሪያዎቹ የማቀርበው ጥያቄ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ከመጪው መስከረም በፊት ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ፋብሪካዎችን፣ ሁለት ሦስት ሆቴሎችን፣ አንድ ኮሌጅና የሠራተኛ ማኅበራትን ጥሩና አንድ ላይ አስቀምጡ። ገጿ ትረቀቅ። በአንድ ዙር ጀማሪዎች ላይ ትሞከር። የማይሠራው ይውጣ፣ የጎደለው ይግባ። ቢሮው ደግሞ በክልሉ ሁሉ እንድትታወቅ ደብዳቤ ይጻፍላት። በአዋጁ መሠረት ነጻ ምስክር ወረቀት የመጠየቅ መብት እንዳለም በየፋብሪካው በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፤ ይህኛው እስከ መስከረም መቆየት የለበትም፣ ነገ ሊሠራ ይችላል።

ገጿን ለማርቀቅ ስትቀመጡ መስመር ላይ የምንሠራውንም ጥሩን። ምን መጻፍ እንዳለበትና ምን መጻፍ እንደሌለበት እናውቃለን። እሁድ ብታደርጉት ይመቸናል፤ በሌላው ቀን ፈረቃ ላይ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የምርት መስመር ኃላፊ
ኮምቦልቻ